«ቅፍርናሆም»ን ለድሬ ወጣቶች እናሳይ ወይስ ይቅር?

የከዚራው፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ቅዳሜ ሰፈራችን ፊልም ልናሳይ ነው። እኔ የናዲን ላባኪን «ቅፍርናሆም» መርጫለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ሽልማት ያገኘው የሊባኖስ ፊልም። ዘይን የሚባል የቤይሩት ልጅ «ለምን ወለዳችሁኝ» ብሎ ወላጆቹን ይከሳል። የመኖሪያ ወረቀት የሌላት የኛዋ ኢትዮጵያዊት ራሂልም አለችበት። ግማሹ ኮሚቴ «በጣም ከባድ ነው» ብሎ ተቃወመ። ምን ትላላችሁ?

የሳቢያኗ፦ እኔም እቃወማለሁ። አቦ፣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በኑሮ ውድነት ሲቃጠል ሰንብቶ ቅዳሜም ያልቅስ? ደግሞ የድሃ መከራ ሽልማት ላይ ሲጨበጨብለት ያንገሸግሸኛል።

የመጋላው፦ ልክ ነሽ፣ ያንገሸግሻል። ግን እዚህ ላይ መከራው የማስመሰል አይደለም። ራሂልን ሆና የተወነችው ዮርዳኖስ ሽፈራው ቀረጻው ሳያልቅ ወረቀት የለሽም ተብላ የእውነት ታስራ ነበር። ዘይንን የሆነው ልጅም የሶርያ ስደተኛ ነው።

የገንደ ቆሬዋ፦ ታላቅ እህቴ ቤይሩት ሰው ቤት ሰርታ ነው የተመለሰችው። ስለዚያ ኑሮ ስትጠየቅ «ደህና ነበር» ብላ ወሬ ትቀይራለች። ፊልሙን አብረን አየነው። ራሂል የምትሰራበት ቦታ ሽንት ቤት ውስጥ ልጇን ዮናስን ደብቃ፣ በሩን ዘግታ፣ ተደብቃ ስታጠባው እህቴ «አዎ፣ እንዲህ ነው» አለች። ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ አወራችኝ። ፓስፖርቷን እመቤቲቱ እንደቀማቻት የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ከፋላ የሚሉት አሰራር ይሄ ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሰሪሽ ጋር የታሰረ ነው፤ ጥለሽ ከወጣሽ ሕገ ወጥ ነሽ። ከድሬ በጅቡቲ አድርገው በጀልባ የመን የሚሻገሩት ደግሞ ገና ሲደርሱ ወረቀት የላቸውም። የኛው ሰፈር ልጆች ናቸው እኮ! ለነሱ ካልታየ ለማን ይታያል?

የሳቢያኗ፦ እህትሽን ፈጣሪ ያበርታት። ግን ሥራ አጥቶ ለመሰደድ የቆረጠን ልጅ ፊልም ያስቀረዋል?

የገንደ ቆሬዋ፦ ላያስቀረው ይችላል። ቢያንስ ምን እንደሚጠብቀው አውቆ ይሂድ። ደላላው ይህን አይነግረውም።

የመጋላው፦ ትንንሾቹ ግን አይግቡ። የዘይን እህት በ11 ዓመቷ ስትዳር ማየት ለልጅ አይሆንም። ቋንቋው አያሳስብም፣ ድሬ አረብኛ የሚሰማ ሞልቷል።

የሳቢያኗ፦ ከፊልሙ በኋላ ከስደት የተመለሱት ራሳቸው የሚናገሩ ከሆነ እመጣለሁ። አሳይታችሁ ብቻ የምትበትኑን ከሆነ ግን አሁንም እቃወማለሁ።