ለአራት ወር ወደ ካምፓላ ልሄድ ነው፤ ምን ልያዝ፣ ምን ልጠንቀቅ?

ሽሮሜዳ26፦

ሰላም ለሁላችሁም። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የማጠናው የውኃ ጥራት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ለመሰብሰብ መስከረም መጨረሻ ላይ ወደ ኡጋንዳ እሄዳለሁ። የማርፈው ካምፓላ ነው። ሥራዬ ግን በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ካሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች የውኃ ናሙና መውሰድ ነው። ከአገር ስወጣ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ቤት ውስጥ ሁሉም የየራሱን ይላል። እናቴ በርበሬና ሽሮ እያስፈጨች ነው። ወንድሜ ደግሞ «አፍሪካ አይደለም እንዴ? ሁለት ሰዓት በረራ ነው፣ ምን ዝግጅት ያስፈልገዋል?» ይለኛል። አማካሪዬ በሰጠኝ ዝርዝር ላይ ያለው የላብራቶሪ ዕቃ ብቻ ነው። እዚያ የኖረ ወይም የሠራ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ክትባቱን፣ ገንዘቡን፣ ምግቡን (ጿሚ ነኝ)፣ ሰዉን እንዴት መቅረብ እንዳለብኝም ጭምር።

የላብራቶሪው_ሰው፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርኩት፣ ካምፓላ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከወንድምሽ ልጀምር። እኔም ስሄድ ልክ እንደ እሱ ነበር የማስበው። አፍሪካዊ ነኝ፣ ወባ ምን ያደርገኛል ብዬ ነበር። አንቺ ግን ሽሮ ሜዳ፣ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ያደግሽ ልጅ ነሽ። ካምፓላ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐይቁ ዳር ዓመቱን ሙሉ ትንኝ አለ። የኡጋንዳ ወባ በአብዛኛው ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ቶሎ የሚከፋው ዓይነት ነው። እዚያው ተወልዶ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ደጋግሞ ስለያዘው ሰውነቱ በመጠኑ ለምዶታል። ያንቺ ደም ግን አያውቀውም። በወባ በኩል ከስዊድን ከመጣች ተማሪ አትለዪም።

ስለዚህ ሐኪም አማክሪና መከላከያ ክኒን ውሰጂ። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልሽ፣ ከመሄድሽ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ትጀምሪያለሽ። እዚያ እያለሽ በየቀኑ ነው። ከተመለስሽም በኋላ አራት ሳምንት ትቀጥያለሽ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው ይሄን የመጨረሻውን ነው። ምግብ በልተሽ፣ በብዙ ውኃ ዋጪው፤ እንደዋጥሽው ከተኛሽ ጉሮሮሽን ያቃጥልሻል። ፀሐይም ቆዳሽን ከወትሮው ቶሎ ይለበልበዋል። አጎበር ከዚሁ ይዘሽ ሂጂ።

እኔ ክኒኑን በሦስተኛው ወር ተውኩት። ለዕረፍት አዲስ አበባ በገባሁ በዘጠነኛው ቀን አንቀጠቀጠኝ። የሄድኩበት ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ብለው መርፌ ጀመሩልኝ። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። በአራተኛው ቀን ዓይኔ ቢጫ ሲሆን እህቴ ደንግጣ ሌላ ቦታ ወሰደችኝ። ደሜ ሲታይ ወባ ነበር። አንድ ቀን ብንቆይ ኖሮ ምን እንደሚሆን የነገሩኝን ዛሬም አልረሳሁትም። ከተመለስሽ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ተመርመሪ። ስትገቢም መጀመሪያ የምትናገሪው «ከኡጋንዳ ነው የመጣሁት» የሚለውን ይሁን።

የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ካርዱን ያዩታል። ከመግባትሽ ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተቢ። አንዴ ከወሰድሽ ለዕድሜ ልክ ነው።

አሁን ስለ ሐይቁ። ቢልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ በቪክቶሪያ ዳርቻ በጣም ተስፋፍቷል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ በቆዳሽ በኩል ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። የሚበዛው ደግሞ እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ስለዚህ ናሙናሽን በጠዋት ቅጂ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦቲ ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት አድርጊ። ከጀልባ ስትወርጂ ባዶ እግርሽን እንዳትረግጪ። ሁሉም ሰው እየዋኘ ነው ብለሽም አትግቢ። ልጆቹ ሲዋኙ ታያለሽ፣ ያማል፣ ግን ሌላ ውኃ የላቸውም።

ምርመራውን ደግሞ ውኃ በነካሽ ሳምንት አትሂጂ። ትሉ እስኪያድግ ጊዜ ይፈልጋል። ከመጨረሻው ቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተሽ ተመርመሪ። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፤ ያደገውን ትል እንጂ ገና ያላደገውን በደንብ አይገድልም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ታስታውሺያለሽ? እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያየው። እንግዲህ የእሱ አገር ልጅ ሆነሽ ነው እዚያ ዳርቻ የምትቆሚው። እኔ ይሄን እያሰብኩ ነበር የምሠራው።

ገንዘብ፦ ብርሽን እዚያ የሚመነዝርልሽ የለም። ዶላር ያዢ፣ ንጹሕና አዲስ ኖት ይሁን። የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም የቆየ ኖት ይመልሱብሻል። የ100 ዶላር ኖት ከትንንሾቹ በተሻለ ዋጋ ይመነዘራል። ፓስፖርትሽን ይዘሽ ሲም አውጪና ሞባይል መኒ ክፈቺ፤ እንደ ቴሌብር ነው፣ የጀልባ ሒሳብ ሳይቀር በእሱ ትከፍያለሽ። ሶኬቱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ ማስማሚያ ያስፈልግሻል። መንገድ ስትሻገሪ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዪ፤ መኪናው በግራ ነው የሚነዳው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እግርሽ ይረሳል። ቦዳ የሚሉት ሞተር ላይ ያለ ሄልሜት አትውጪ።

ዶክትሬት_ላይ፦

የላብራቶሪው ሰው ሁሉንም ብሎታል። አንድ ልጨምር፣ ወረቀቱን። የዩኒቨርሲቲሽ የሥነ ምግባር ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። እዚያ ካለ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቂያ ታገኛለሽ፣ ከዚያ ጥናቱ በኡጋንዳ ብሔራዊ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ምክር ቤት ይመዘገባል። አዲስ አበባ እያለሽ ጀምሪው። እኔ ደርሼ ነው የጀመርኩት፤ አምስት ሳምንት እንግዳ ማረፊያ ቁጭ ብዬ ገንዘቤ አለቀ።

የባክቴሪያ ምርመራ ካለሽ ደግሞ ናሙናው በበረዶ ተይዞ በ24 ሰዓት ውስጥ መሠራት አለበት። አዲስ አበባ አመጣዋለሁ ብለሽ አታስቢ። የምትሠሪበትን ላብራቶሪ ከአሁኑ በጽሑፍ ተስማሚ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር እንዳላቸውም ጠይቂ።

የናርዶስ እናት፦

ልጄ፣ እኔ ካምፓላ 11 ዓመቴ ነው። እናትሽ በርበሬና ሽሮውን ታስፈጭ፣ ግን ብዙ አትሸከሚ። ካባላጋላ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፣ እንጀራ ታገኛለሽ። የጾም ነገር አያስጨንቅሽ። ባቄላቸው፣ ጎመናቸው፣ የኦቾሎኒ ወጣቸው ሁሉ የጾም ነው። ማቶኬ የሚሉት በቅጠሉ ተጠቅልሎ በእንፋሎት የበሰለ ሙዝ ነው፤ ሲያዩት የእንሰት ዘመድ ይመስላል። ዘይት ወይስ ቅቤ እንደገባበት ብቻ ጠይቂ።

ቡና ከእነ ጀበናው ይዘሽ ነይ። ኡጋንዳ ቡና በብዛት ታመርታለች፣ ቤት ውስጥ የሚጠጣው ግን ባብዛኛው ሻይ ነው። ለምታርፊበት ቤት አንድ ቀን አፍይላቸው። ከዚያ በኋላ የቤት ልጅ ነሽ። ዣንጥላ አትርሺ፤ የእኛን ክረምት ጨርሰሽ የእነሱ ዝናብ ውስጥ ነው የምትገቢው።

ሽሮሜዳ26፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የናርዶስ እናት፣ ስመጣ ቡናውን ከእርስዎ ጋር እጠጣለሁ። ጓንቱን እኔ ለጭቃው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ስለ ወባውም ለወንድሜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ዝም አለ።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያስጨንቀኛል፣ መንደሩ። ጠርሙስ ይዤ ድንገት የሰው ውኃ ዳር መቆም ይከብደኛል። እንዴት ብዬ ልግባ?

የላብራቶሪው_ሰው፦

ጥሩ ጠየቅሽ። መጀመሪያ ወደ ውኃው አትሂጂ። በየመንደሩ ኤልሲ ዋን የሚባል ሊቀመንበር አለ፤ እኛ ጋ ቀበሌ እንደምንለው ነው። እሱ ቤት ሂጂ፣ ፈቃድሽን አሳዪ፣ የምትወስጂው ምን እንደሆነ ንገሪው። እሱ የሚያውቀውን አንድ ሰው አብሮሽ ይልካል። ያለዚያ ናሙናሽ ምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ይጠራጠራል፣ ቢጠራጠርም ልክ ነው።

ሰላምታ ሳትጨርሺ ሥራ አታንሺ። ሉጋንዳው ለእኛ ቅርብ ነው። ጠዋት «ዋሱዜ ኦትያ» ይላሉ፣ እንዴት አደርሽ ነው። ከሰዓት «ኦሲቢዬ ኦትያ»፣ እንዴት ዋልሽ። መረብ የሚጠግን ሰው አጠገብ ስታልፊ «ጄባሌ ኮ» በይው፤ በርታ እንደማለት ነው። ለወንድ «ሴቦ»፣ ለሴት «ኛቦ» ጨምሪበት። ቀና ብሎ ሲስቅልሽ ታዪዋለሽ።

ሰዓታቸውም እንደ እኛ ነው። ጀልባ ነጂው በሉጋንዳ «ሳዋ ቢሪ» ካለሽ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ስታወሩ ግን እንደ ፈረንጅ ይቆጥራሉ። አብረውኝ የነበሩት አውሮፓውያን በዚህ ሁለት ቀጠሮ አምልጧቸዋል። እኔ ጠዋት ዳርቻው ላይ ቆሜ ነበር።

ከሁሉም በላይ ውጤቱን መልሺላቸው። ብዙ ተማሪ ጠርሙሱን ሞልቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ አይመጣም። አንዲት እናት «ባለፈው ዓመትም እንዳንቺ የመጣች ልጅ ነበረች፣ ውኃችን ምን ሆኖ ተገኘ?» ብላ ጓደኛዬን ጠይቃታለች። መልስ አልነበራትም። ከአራቱ ወር የመጨረሻውን ሳምንት ለዚህ ለይተሽ አስቀምጪ። የትኛው መቅጃ ይሻላል፣ የትኛው መፍላት አለበት፣ አንድ ገጽ በሉጋንዳ አስተርጉመሽ ለሊቀመንበሩ ስጪው፤ ሴቶቹ ውኃ ሲቀዱም ቆመሽ በቃል ንገሪያቸው። ለትርጉሙ የሚረዳሽ ሰው አውቃለሁ፤ ቀንሽ ሲደርስ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አገናኝሻለሁ።