ተማሪዎቼን ለጉብኝት ስወስድ እርስ በርስ በእንግሊዝኛ እንዲያወሩ እንዴት ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከተለያየ አገር ለመጡ ተማሪዎች እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ከኢትዮጵያ፣ ከኤልሳልቫዶር፣ ከደቡብ ኮሪያ፣ ከብራዚል የመጡ ናቸው። ደረጃቸው በጣም የተራራቀ ነው፤ አንዱ ጋዜጣ ያነባል፣ ሌላው ገና ስለ ራሱ መናገር እየተለማመደ ነው።

ከተማዋ ለጉብኝት ትመቻለች። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች እዚህ መግቢያቸው ነፃ ስለሆነ ገንዘብ አያስጨንቀንም። ጣጣው የሚመጣው ከደረስን በኋላ ነው። አስጎብኚው ሲፈጥን ጀማሪዎቹ ነገሩ ያመልጣቸውና ስልካቸውን ያወጣሉ፣ ከዚያ ሁሉም ከአገሩ ልጅ ጋር ጥግ ይዞ በራሱ ቋንቋ ይጫወታል። የጥያቄ ወረቀት ሰጥቼ አየሁ፤ አቀርቅረው ከግድግዳው ጽሑፍ መልስ ሲገለብጡ ዕቃውን ቀና ብሎ ያየ የለም። ቋንቋቸው የማይገናኝ ተማሪዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጌም ሞከርኩ። ጎበዙ ለሁለቱም ያወራል፣ ጀማሪው ጭጭ።

ቀጣዩ ጉዞ ወደ ሊንከን መታሰቢያ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1963 እ.ኤ.አ. ቆሞ የተናገረበት ቦታ ደረጃው ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይታያል፤ ውስጥ ደግሞ የሊንከን የጌቲስበርግ ንግግር ሙሉውን ግድግዳው ላይ አለ። እንዲህ ያለ ቦታ ሄደው ፎቶ ብቻ ተነስተው ሲመለሱ በጣም ያንገበግበኛል። ወረቀት ላይ ሳያቀረቅሩ፣ ጀማሪውም ጎበዙም እዚያው ቆመው እርስ በርስ በእንግሊዝኛ እንዲያወሩ የሚያደርግ ምን ዓይነት ሥራ ልስጣቸው?