የብረት መንጠቆ ባለው ተነቃይ ጥርስ ላይ የደነደነ ታርታር

የእናቴ የታችኛው ተነቃይ ጥርስ ሙሉ አይደለም። ሮዝ አክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው፤ በግራና በቀኝ የራሷን ጥርስ የሚይዝ የብረት መንጠቆ አለው። ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ፣ በምላስ በኩል፣ ቢጫ ታርታር (ደንድኖ የተጣበቀ የጥርስ ቆሻሻ) ጋግሯል። ምራቅ እዚያው ምላስ ሥር ስለሚወጣ ቦታው አይገርምም፤ መንጠቆው አክሪሊኩ ውስጥ የሚገባበት ጥግ ላይም መያዙ ግን አሳስቦኛል።

ከምግብ በኋላ በውሃ ታለቀልቀዋለች። ማታ ለስላሳ ብሩሽና ፈሳሽ ሳሙና እንጠቀማለን፤ ቢወድቅ እንዳይሰበር ከሥሩ ውሃ ያለበት ሳፋ ይቀመጣል። የጥርስ ሳሙና አክሪሊኩን ስለሚጭር ትተነዋል። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ በሚሟሟው የማጽጃ ክኒን፣ ማሸጊያው ላይ ለተጻፈው ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል፤ ታጥቦም እስከ ጠዋት ንጹሕ ውሃ ውስጥ ያድራል። ይህ ሁሉ ለስላሳውን ቆሻሻ ያነሳል፤ የደነደነውን ግን ንቅንቅ አያደርገውም። በጥፍር ሲነካ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል።

በረኪና ብረቱን ይበላል፣ የፈላ ውሃ አክሪሊኩን ያጣምማል፣ በስለት መፋቅ ደግሞ ጀርም የሚሸሸግበት ጭረት ይተዋል። ሦስቱም አይታሰቡም። የቀረው ነጭ ኮምጣጤ ነው፤ ታርታር በአብዛኛው የካልሲየም ውህድ ስለሆነ አሲድ ያላላዋል። ያገኘሁት ምክር ሁሉ ግን ብረት ለሌለው ጥርስ ነው።

የጥርስ ቴክኒሻን የሆናችሁ ወይም እንዲህ ዓይነቱን ጥርስ የምታጸዱ፦ መንጠቆው ሳይጎዳ ታርታሩ እንዲላላ ኮምጣጤውን በምን ያህል ውሃ አቅጥኜ፣ ለስንት ደቂቃ ልዘፍዝፈው?