የዘረት ዋሻ ረቂቅ፦ «ይከሰሱ» እንበል ወይስ ሌላ?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአቤቱታችን ረቂቅ የመጀመሪያ መስመር «በ1931 ዓ.ም. መንዝ፣ ዘረት ዋሻ ውስጥ በተጠለለው ሕዝብ ላይ የመርዝ ጋዝ የተጠቀሙ የጣሊያን ጦር አባላት ለፍርድ ይቅረቡ» ይላል። እንዲህ ይሂድ?

የሕግ ባለሙያው፦ እኔ አልፈርምበትም። ያኔ 20 ዓመት የነበረው ወታደር ዛሬ ከ100 በላይ ነው። ማንን ነው የምንከሰው?

ከደብረ ብርሃን፦ ጀርመኖችስ? እ.ኤ.አ. በ2022 በ97 ዓመት አሮጊት ላይ ፈርደው የለ እንዴ!

የሕግ ባለሙያው፦ ፈርደዋል። የናዚ ካምፕ ጸሐፊ ነበረች። ግን በሕይወት አግኝተዋታል። የጦር ወንጀል ይርጋ የለውም፣ ጊዜ ስላለፈ ክሱ አይቀርም፤ ሙት ግን አይከሰስም።

ጋሼ፦ ልጆቼ፣ እኛ ሳንጠይቅ ቀርተን አይደለም እኮ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1947 የሰላም ውል ተጠርጣሪዎችን ለማስረከብ ፈርማለች። በዓመቱ አገራችን የ10 ሰዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቀረበች፤ የወረራው ጦር አዛዦች ባዶሊዮም ግራዚያኒም አሉበት። አንድም ሰው ችሎት አልቆመም። ግራዚያኒን የገዛ አገሩ 19 ዓመት የፈረደችበት ከጀርመን ጋር ስላበረ ነው፤ በጥቂት ወራት ወጣ። ላስገደላቸው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አንድ ቀን አልታሰረም።

ጸሐፊ፦ ታዲያ መስመሩን እንሰርዘው ጋሼ?

የሕግ ባለሙያው፦ እንለውጠው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ዶሚኒዮኒ ዋሻውን ያገኘው ሮም ያለ የጦር ሰነድ ተከትሎ ነው። ሰነዱ አለ ማለት ነው። ግልባጩን እንጠይቅ፣ ጣሊያኖችም ድርጊቱን በይፋ ይመኑ። ሰነድ አትናቁ፤ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ2017 በደርግ ዘመን ጎጃም ውስጥ ለተፈጸመ ግድያ ዕድሜ ልክ ስትፈርድ፣ የተከሳሹ ፊርማ ያለበት ወረቀት ማስረጃ ነበር።

ከመንዝ፦ ወረቀቱ ይሁን። አጥንቱስ? ዋሻው ውስጥ ነው ያለው። እነዚህ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ፍትሐት ይገባቸዋል። ይቀበሩልን።

የሕግ ባለሙያው፦ እታለም፣ አጥንቱ ማስረጃም ነው። ባለሙያ ሳይመዘግበው ማንም እንዳይነካው ብለን እንጻፍ።

ከመንዝ፦ እስከመቼ? ስንት ዓመት ጠበቁ!

ጋሼ፦ እሷ ልክ ናት። ምዝገባው የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ካለበለዚያ እኛም ሄደን እነሱ እዚያው ናቸው።

ጸሐፊ፦ እሺ። አዲሱ መስመር «ሰነዱ ይሰጠን፣ ድርጊቱ ይታመን፣ አጥንቱ ተመዝግቦ በክብር ይረፍ» ነው። ገደቡ ስንት ይሁን የሚለውን እሑድ እንጨርሰው። የመንዝ ሰዎች፣ ቄሱን ይዛችሁ ኑ።