የወታደሩ ሣጥን የማን ነው?

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ በቅርቡ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አንድ ሣጥን ገዛሁ። ውስጡ ሜዳሊያ፣ ደብዳቤዎችና የአንዲት ሕፃን ፎቶ አለ። ሜዳሊያው ላይ የወታደሩ ስም ተቀርጿል። ቤተሰቡን ፈልጌ መመለስ ግዴታዬ ነው እላለሁ። እ.ኤ.አ. የ1949 የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት በጦርነት የሞቱ ሰዎች አስከሬን እንዳይዘረፍ ያዛል። ኑዛዜ፣ ገንዘብና የማስታወሻነት ዋጋ ያላቸው ዕቃዎችም እንዲላኩ ይላል። ጠላት ለጠላት ይህን ማድረግ ካለበት፣ እኔን ምን ያግደኛል? እናንተስ?

ሜዳሊያ ሰብሳቢው፦ እህቴ፣ ስምምነቱ የሚመለከተው ተፋላሚ ወገኖችን ነው። በገንዘቡ የገዛን ሰው አያስገድድም። ደግሞ ሁሉም ዕቃ የተዘረፈ አይደለም። ስንት ሜዳሊያ ባለቤቱ ራሱ ወይም ወራሾቹ ሸጠውታል! ቸግሯቸው ይሆናል፤ ማየቱም ከብዷቸው ይሆናል። የብር ማዕድን ዋጋ በናረበት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ፣ ብዙ የብሪታንያ የአንደኛው ዓለም ጦርነት ሜዳሊያዎች ለብሩ ሲባል ቀልጠዋል። የተረፉትን ያተረፍናቸው እኛ ሰብሳቢዎቹ ነን።

የወታደር ልጅ፦ ማትረፋችሁን አልክድም፣ ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ1944፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ሳይፓን በምትባል የፓስፊክ ደሴት ላይ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ከሞተ ጃፓናዊ ላይ ባንዲራ ወሰደ። ወዳጅ ዘመድ ስሙን የፈረመበት፣ ዘማቹን የሸኙበት ባንዲራ ነው። አሜሪካዊው እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ93 ዓመቱ፣ ጃፓን ድረስ ሄዶ ለሟቹ ወንድምና እህቶች አስረከበ። ያ ቤተሰብ ከጦርነቱ በኋላ የደረሰው የእንጨት ሣጥን ብቻ ነበር። ውስጡ ጥቂት ድንጋዮች። አስከሬን የለም፣ ምንም የለም። ወንድምየው ባንዲራውን ፊቱ ላይ አድርጎ አሸተተው። አባቴ ከዘመተበት አልተመለሰም። እኔም ብሆን የማደርገው ይህንኑ ነው። እና ለዚህ ሰው "በገንዘቤ ነው የገዛሁት" ይባላል?

ሜዳሊያ ሰብሳቢው፦ ይህን ሰምቼ ዝም ማለት ይከብደኛል። እሺ፣ ቤተሰቡ ከመጣ እሰጣለሁ። የገዛሁበትን ብቻ ቢመልሱልኝ ግን ነውር ነው?

የወታደር ልጅ፦ ነውር አልልም። ግን መጀመሪያ የሚነሳው ነገር ገንዘብ መሆን የለበትም።

የቤተ መዛግብት ባለሙያዋ፦ ሁላችሁም ቤተሰቡ ይፈልገዋል ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። እኔ በሥራዬ ያየሁት ሌላም አለ። "አባታችንን ቀብረነዋል፣ አትቀስቅሱብን" የሚሉ አሉ። ደብዳቤው ውስጥ ሚስት የማታውቃት ሴት ልትኖር ትችላለች። ሦስት የልጅ ልጆች ካሉስ ለማን ይሰጣል? ስለዚህ ሣጥን ተሸክሞ በር ማንኳኳት አይገባም። አስቀድሞ ይጠየቁ። ቢፈልጉ ይውሰዱት፤ ባይፈልጉ ወደ ሙዚየም ይሂድ። ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ መለጠፍ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ልጅቷ አያት ሆና በሕይወት ልትኖር ትችላለች።

የወታደር ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። እኔንም በድንገት ቢያመጡብኝ እንዴት እንደምሆን እንጃ።

ጥያቄ አቅራቢዋ፦ ልለጥፈው አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ቤተሰቡን ካገኘሁ በመጀመሪያ አጭር ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ። ሣጥኑ እኔ ጋ እንዳለ፣ ገንዘብ እንደማልጠይቅ፣ "አንፈልግም" ማለትም መብታቸው እንደሆነ ብቻ። የወታደሩን ደብዳቤዎች ከእንግዲህ አልከፍትም። አንዱን እስከ ግማሽ አንብቤው ነበር። ይህንንም እነግራቸዋለሁ።