ማመልከቻው ገብቷል፤ እስከዚያው ሥራና ትምህርትስ?

ጥያቄ፦

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ የካናዳ ዜጋ ነው፤ እኔ በጎብኚ ቪዛ ቶሮንቶ ከገባሁ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። የትዳር ስፖንሰርሺፕ ማመልከቻችንን እዚሁ ሆነን አስገብተን፣ "ማመልከቻችሁ ደርሶናል" የሚለው ደብዳቤ ከሦስት ሳምንት በፊት ተልኮልናል። አንዳንዶች ዜጋ ያገባ ሰው ወዲያውኑ መሥራት ይችላል ይሉኛል፤ ሌሎች ደግሞ ፒአር (ቋሚ ነዋሪነት) እስኪመጣ ድረስ ምንም ነገር እንዳልነካ ያስጠነቅቁኛል። ነጻ የእንግሊዝኛ ትምህርት ለመመዝገብ ሄጄ ወረቀቴን አይተው መልሰውኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ስምንት ዓመት በሒሳብ ሠራተኝነት ያገለገልኩ ሰው ነኝና ሥራ ፈትቶ መዋል በጣም ከብዶኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። እኔም እ.ኤ.አ. በ2018 በዚሁ መንገድ አልፌያለሁና ጭንቀትሽ ይገባኛል። የነገሩሽ ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ዜጋ ማግባት ብቻውን የሥራ መብት አያስገኝም፤ ፒአር እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም ግዴታ አይደለም። ምን ማድረግ እንደምትችዪ የሚወስነው በየጊዜው በእጅሽ የሚገኘው ወረቀት ስለሆነ፣ የሰው ወሬ ከመስማትሽ በፊት ወረቀትሽን ራስሽ መስመር በመስመር አንብቢው።

ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ አምስተኛ ወርሽን መያዝሽ ነው። ጎብኚ ሆኖ የገባ ሰው ሲገባ ሌላ ቀን ካልተጻፈለት በቀር የሚፈቀድለት ስድስት ወር ሲሆን፣ የስፖንሰርሺፕ ማመልከቻ መግባቱ ይህን ጊዜ በራሱ አያራዝምም። ብዙ ወገኖቻችን "ፋይሌ ተከፍቷል" ብለው ተረጋግተው ሲቀመጡ ቀኑ ያልፍባቸዋል። ቀኑ ሳያልፍ የሥራ ፈቃድ ወይም የቆይታ ማራዘሚያ ካመለከትሽ፣ ውሳኔው እስኪሰጥ ድረስ በሕጋዊ መንገድ እዚሁ መቆየት ትችያለሽ። ካለፈ ደግሞ ሕጋዊ ቆይታሽን ለማስመለስ የምታመለክችበት ጊዜ 90 ቀን ብቻ ነው። ከዚያም በኋላ የዘገየ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሚሠራበት መመሪያ የትዳር ማመልከቻው ሊታይለት ቢችልም፣ ለሥራ ፈቃድ ግን የመጀመሪያው ደረጃ ይሁንታ፣ ማለትም ለቋሚ ነዋሪነት መመረጡን የሚነግረው ደብዳቤ፣ እስኪመጣ መጠበቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ፓስፖርትሽን አውጥተሽ የገባሽበትን ቀን ተመልከቺ። ቀኑን ስትቆጥሪ በእኛ አቆጣጠር እንዳይምታታብሽ አደራ።

አንቺ የምታመለክችው ክፍት የሥራ ፈቃድ የሚባለውን ነው። ፈቃዱ ለአንድ አሠሪ የታሰረ ስላልሆነ ሥራው ካልተስማማሽ ትተሽ ሌላ መያዝ ትችያለሽ። እኔ ባመለከትኩበት ዘመን ወራት እንጠብቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ወዲህ ግን አንቺ የያዝሽው ዓይነት የመድረሻ ደብዳቤ ያለው ሰው ወዲያውኑ እንዲያመለክት ተፈቅዷል። ክፍያው 255 ዶላር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 155ቱ የሥራ ፈቃዱ፣ 100ው ደግሞ ፈቃዱ ክፍት በመሆኑ የሚከፈል ነው። ከባለቤትሽ ጋር በአንድ አድራሻ መኖርሽን ማሳየት አለብሽ። ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ፦ የሥራ ፈቃዱ ፓስፖርትሽ ከሚያበቃበት ቀን አያልፍም። የፓስፖርት እድሳት በኦታዋው ኤምባሲ በኩል ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል፣ ፓስፖርትሽ የቀረው ጊዜ አጭር ከሆነ እድሳቱን አሁኑኑ ጀምሪ።

ፈቃዱ እጅሽ እስኪገባ ድረስ ግን አንድም ቀን እንዳትሠሪ። ጎብኚ ሆነሽ ስላመለከትሽ የተጠበቀልሽ መቆየት እንጂ መሥራት አይደለም። "በካሽ ነው፣ ማንም አያውቅም" የሚሉሽ የአገርሽ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በማመልከቻሽ ላይ ችግር ቢመጣ ግን ፋይሉ የአንቺ እንጂ የእነሱ አይደለም።

ፈቃዱ ሲመጣ ከታች በኩል ባሉት መስመሮች ላይ የተጻፈውን አንብቢ የምልሽ ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። እኔ ፈቃዱን ባገኘሁ በሁለተኛው ሳምንት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠርኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ቁርስ እያበላሁ ሳለ ኃላፊዋ አስጠራችኝ። ፈቃዴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ ከታች ያለችውን አንዲት መስመር አሳየችኝ፦ በሕፃናት እንክብካቤ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በማስተማር፣ እንዲሁም በጤና አገልግሎት ዘርፍ መሥራት አይፈቀድም ይላል። ሲቀጥሩኝ ማንም አላነበበውም፤ እኔም አላነበብኩትም። የሾርባው ማንኪያ የነካካው ሽርጥ ሳይወልቅ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ይህ ገደብ የሚጻፈው የኢሚግሬሽን የጤና ምርመራ ላላደረገ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ በሰየማቸው ሐኪሞች ዘንድ ምርመራውን አድርጌ ገደቡ እንዲነሣልኝ እስካመለክት ድረስ አምስት ወር ያህል መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ቆየሁ። እዚህ አገር ብዙ ሴቶቻችን መጀመሪያ የሚያገኙት ሥራ አረጋውያንንና ሕፃናትን መንከባከብ ስለሆነ፣ አንቺ በሒሳብ ሙያሽ ሥራ ብትፈልጊም ይህን ለሌሎች ንገሪልኝ።

ፈቃዱን እንዳገኘሽ ሰርቪስ ካናዳ ወደሚባለው የመንግሥት አገልግሎት ቢሮ ሄደሽ ሲን ነምበር (ለሥራ የሚያስፈልገውን የግል መለያ ቁጥር) አውጪ። የጊዜያዊ ነዋሪ ቁጥር በ9 ይጀምራል፤ ፈቃድሽ ሲያበቃም አብሮ ያበቃልና ስታድሺ እሱንም ማሳደስ አለብሽ። በኦንታሪዮ የሠራተኛ ሕግ ሥር ያለሽ መብት በኢሚግሬሽን ወረቀትሽ ዓይነት አይቀንስም። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 17.60 ዶላር ሲሆን፣ በአብዛኛው ሥራ በሳምንት ከ44 ሰዓት በላይ ለሠራሽው የሰዓቱ ክፍያ ግማሽ ተጨምሮ ይከፈልሻል። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ አቤቱታ ለማቅረብ ሁለት ዓመት አለሽ። የሠራሽበትን ሰዓት በየቀኑ በደብተር መጻፍ ልማድ ይሁንሽ፤ የደመወዝ ክርክር የሚረታው ብዙ ጊዜ በዚያ ደብተር ነው።

ስለ ትምህርቱ፣ የመለሱሽ ሰዎች አልበደሉሽም። ሊንክ የሚባለው የፌደራል መንግሥት ነጻ የቋንቋ ትምህርት የተዘጋጀው ለፒአሮች፣ ጥገኝነት ለተሰጣቸው፣ እንዲሁም ለቋሚ ነዋሪነት መመረጣቸው በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ለተነገራቸው ሰዎች ነው። አንቺ የያዝሽው የመድረሻ ደብዳቤ "ወረቀታችሁ ደርሷል" ይላል እንጂ "ተመርጣችኋል" አይልም። የመጀመሪያው ደረጃ ይሁንታ ሲመጣልሽ ግን ፒአሩን ሳትጠብቂ ያንን ደብዳቤ ይዘሽ ለቋንቋ ደረጃ ምዘና ሂጂ፤ ቶሮንቶ ውስጥ የዋይኤምሲኤ የምዘና ማዕከል አለ። ይህን ባለማወቅ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ወራት የሚያባክኑ ብዙ ናቸው።

እስከዚያው የቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚያዘጋጃቸው ነጻ የእንግሊዝኛ መወያያ ክበቦች አሉ። እኔ አንደበቴን የፈታሁት እዚያ፣ ከአንዲት የኢራን እናትና ከሁለት የኮሎምቢያ ወጣቶች ጋር ክብ ሠርተን ተቀምጠን ነው። ከፍለሽ መማር ከቻልሽም፣ ስድስት ወር ወይም ከዚያ በታች ለሆነና በተፈቀደልሽ ቆይታ ውስጥ ለሚያልቅ ትምህርት የተማሪ ፈቃድ አያስፈልግሽም። ዲግሪሽን በወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ ማስገምገምም የሥራ ፈቃድ አይጠይቅም። ትራንስክሪፕት ከአገር ቤት ዩኒቨርሲቲ እስኪላክ ድረስ ያለው ጊዜ ረጅም ነውና አሁን ብትጀምሪው ፈቃዱ ሲመጣ ዝግጁ ትሆኛለሽ።

ጥያቄ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ እርስዎ ያሉትን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩት። አንድ ነገር ግን በፊተኛው ጥያቄዬ ላይ ሳልገልጽ ቀርቻለሁ። ፓስፖርቴም ሆነ ደብዳቤዎቹ በባለቤቴ እጅ ናቸው፤ የማመልከቻውን አካውንት የሚከፍተውም እሱ ነው። ክፉ ሰው ባይሆንም ስንጋጭ "ስፖንሰሩን አነሣዋለሁ" ማለት ጀምሯል።

መልስ፦

እህቴ፣ ይህን በመጻፍሽ ጥሩ አድርገሻል። እውነቱን ልንገርሽ፦ ፒአሩ ከመሰጠቱ በፊት ስፖንሰር አድራጊው ማመልከቻውን ማንሣት ይችላል። ከተሰጠ በኋላ ግን አይችልም፤ የገባው የድጋፍ ግዴታም ፒአር ካገኘሽበት ቀን ጀምሮ ለሦስት ዓመት ይጸናበታል። "ሁለት ዓመት አብራችሁ ካልኖራችሁ ፒአርሽ ይነጠቃል" የሚባለው ሕግ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2017 ተሽሯልና እንዳያስፈራሽ። ፓስፖርቱ፣ ሲመጣም የሥራ ፈቃዱ፣ በአንቺ ስም የሚወጡ ስለሆኑ በአንቺ እጅ ሊሆኑ ይገባል፤ በእርጋታ ጠይቂው።

ነገሩ ወደ ድብደባ፣ ወደ ማስፈራራት ወይም ገንዘብሽን ወደ መቆጣጠር ከደረሰ፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ የቤት ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸውና ፒአራቸው በጥቃት አድራሹ ላይ ለተንጠለጠለ ሰዎች ክፍያ የሌለው ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ አለ። ቢያንስ ለስድስት ወር ይሰጣል፤ ከእሱም ጋር የሥራ ፈቃድና የሕክምና ሽፋን ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ከባልሽ ብትለዪ ያለሽ መንገድ መባረር ብቻ ነው ብለሽ አታስቢ። በኦንታሪዮ 211 ብለሽ ብትደውዪ በአስተርጓሚ ተረድተው በአቅራቢያሽ ወዳለ የሴቶች መጠለያና ነጻ የሕግ ምክር ይመሩሻል። ዛሬ ግን የፓስፖርትሽን እያንዳንዱን ገጽ፣ የማመልከቻ ቁጥሩንና ደብዳቤዎቹን በስልክሽ ፎቶ አንሥተሽ አንቺ ብቻ ወደምታውቂው ኢሜይል ላኪያቸው። ለሥራ ፈቃዱ ማመልከቻም በራስሽ ስም ሌላ አካውንት መክፈት ትችያለሽ፤ ፎርሙ ላይ ግራ ካጋባሽ ጻፊልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን።