መልስ፦ ቀን ቀን ብቻቸውን ለሚውሉ ወላጆች የቱ መሣሪያ ይሻላል?

ሰላም እህቴ፣ ሥራ ላይ ሆነሽ ልብሽ እናትሽ ጋ እንደሚውል የጻፍሽውን አነበብኩ። እኔም እዚሁ አሜሪካ አባቴን ይዤ ስለምኖር ጭንቀቱ ይገባኛል። ካሜራ ልግጠም ወይ ላልሽው፣ እኔ አትግጠሚ ነው የምልሽ።

ያለ ካሜራም ብዙ ማወቅ ይቻላል። ፖርትላንድ ያለው የኦሪገን ጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ኦርካቴክ የሚባል የምርምር ማዕከል አለው። ፈቃደኛ በሆኑ አረጋውያን ቤት ትንንሽ የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች (ሰው ሲንቀሳቀስ የሚያውቁ መሣሪያዎች) ይገጥማሉ። ሰውየው በኮሪደር ባለፈ ቁጥር የእርምጃው ፍጥነት ይለካል። እርምጃ ቀስ በቀስ እየዘገየ መምጣቱ የማስታወስ ችግር እየመጣ መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። ሚዙሪ ውስጥ በ2004 የተከፈተው ታይገርፕሌስ የተባለ የአረጋውያን መኖሪያ ደግሞ ፍራሽ ሥር የሚገባ ሴንሰር ሞክሯል። ትንፋሽና የልብ ምት ይከታተላል፣ ለውጥ ሲያይ ለነርሶች መልእክት ይልካል። እናቶቻችን ሲለብሱና ሲያወልቁ ማንም አያያቸውም፤ ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ተራ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ማን እንዳለፈ አይለይም። የእኛ ቤት ደግሞ ጎረቤት ለቡና የሚመጣበት፣ የልጅ ልጅ የሚሯሯጥበት ነው። ጾም ሲገባ፣ ሌሊት ለጸሎት ሲነሱም የቤቱ ልማድ ይቀየራል። ስለዚህ የሚልክልሽን ሁሉ እንዳለ አትመኚው።

ለጥያቄሽ ከመለሱት አንድ ወንድም አሌክሳ (በድምፅ የሚታዘዝ የአማዞን መሣሪያ) ግዢላቸው ብሏል። አሌክሳም፣ የአይፎኑ ሲሪም አማርኛ አይሰሙም። እናትሽ ወድቀው «ድረሱልኝ!» ቢሉ መሣሪያዎቹ ምንም አይገባቸውም። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ ሲጫኑት እርዳታ ወደሚያቀርብ ድርጅት የሚደውለው የአደጋ ጥሪ ቁልፍ በጣም ይሻላል። ውሃ የማያበላሸው ይሁን፣ ሻወር ውስጥም አያውልቁት። ከመግዛትሽ በፊት ድርጅቱ የአማርኛ አስተርጓሚ ያገናኝ እንደሆነ ጠይቂ። መጀመሪያ ለአንቺ እንዲደውሉም አስመዝግቢ። መደበኛው ሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) አይከፍልለትም፤ በግል ኩባንያዎች የሚቀርቡ አንዳንድ የሜዲኬር አድቫንቴጅ ፕላኖችና በአንዳንድ ስቴቶች ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት መድን) ግን ይሸፍኑታል።

ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል) እንደሚለው አሜሪካ ውስጥ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሰዎች በየዓመቱ ከአራቱ ከአንድ በላይ ይወድቃሉ። ለሐኪማቸው የሚናገሩት ግን ከግማሽ ያነሱ ናቸው። የእኛዎቹ ደግሞ «ልጄን ለምን ላስጨንቅ» ብለው ይባስ ይደብቃሉ። የጉልበት ወይም የክንድ ሰንበር ካየሽ ዝም ብለሽ አትለፊ።

ለሁላችሁም ደግሞ፦ ቡና ሲቆላ ይጮሃል ብላችሁ የጢስ ማንቂያውን ባትሪ የምታወጡ፣ እባካችሁ መልሱት። ከምድጃው ቢያንስ 3 ሜትር አርቃችሁ ስቀሉት። ተረስቶ የቀረ ምድጃ በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያም ይሸጣል።

እህቴ፣ የትኛውንም ከመግጠምሽ በፊት እናትሽን አስፈቅጂ። ምን እንደሚለካ፣ መልእክቱ ለማን እንደሚሄድ በደንብ አስረጃቸው። ሴንሰሩን እምቢ ካሉ ተያቸው፤ ቁልፉን ብቻ ይያዙ።